የሽመላዋ ሦስተኛ እግር

ሽመላ ሁለት እግር ነው ያላት። በጣና ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ስታንቀላፋ አንዱን አጥፋ በአንዱ ትቆማለች፤ እንግዲህ ቢበዛ ሁለት፣ ቢያንስ አንድ። ሦስት እግር ያላትን ሽመላ የሳልኳት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ይህንንም እስካለፈው ታኅሣሥ ድረስ እንደ ወንጀል ደብቄው ኖሬያለሁ።

ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ከአባቴ የወረስኩት የጨርቅ ሱቅ አለኝ። በዚያ ታኅሣሥ ለሠርጓ የምትዘጋጅ አንዲት ልጅ ገብታ ስልኳን ዘረጋችልኝ።

"ለዚህ የሚሆን ነጭ ጨርቅ ፈልጌ ነበር። 'ሦስተኛው እግር' ነው የሚባለው። አዲስ አበባ ያልለበሰው የለም።"

አየሁት። ነጭ ቀሚስ ነው፤ ከግርጌው ዙሪያውን ደንገል ተጠልፎበታል። በደንገሉ መሐል ሽመላ ቆማለች። አንድ እግሯ ቀጥ ብሏል፣ ሁለተኛው ታጥፏል፣ ሦስተኛው ደግሞ ቀይ ነው። "እስኪ አጉዪው" አልኳት። ቀዩ እግር በቁመቱ ሰባት ስፌት ነው፤ አምስተኛዋ ስፌት የለችም፤ ቦታዋ ባዶ ነው። ጣቃ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጅቱ ደንግጣ፣ "አመመሽ እንዴ?" አለችኝ። አዎ አሞኝ ነበር። ንዴትም ያማል።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ ያየሁትን ሁሉ ገልብጬ ነበርና የተረዳሁት።

አባቴ ሙሀመድዘይን የሚሸጣቸውን ባለ አበባ ጨርቆች ሴቶቹ ራሳቸው ባወጡላቸው ስም ነበር የሚጠሯቸው። ሰማያዊ ክብ ያለበት "ዓይኔ በራ" ነው። ትልልቅ ብርቱካን የተበተነበት "ባሌ መጣ" ነው። "ከባሌ መጣ ሦስት ሜትር ቁረጥልኝ" ስትል አንዷ፣ ሌላዋ "አንቺ ደግሞ ዝም ብሎ መጥቶልሻል!" ትላታለች። ሱቁ የአዲስ ጨርቅና የስታርች ሽታ ነበረው፤ ጣቃዎቹ መሐል ገብቼ ስተኛ ሽታው ጸጉሬ ውስጥ ቀርቶ ያድር ነበር።

እናቴ ነፊሳ ግን ሱቅ አትቀመጥም። ቤት፣ መስኮት ሥር ተቀምጣ የሙሽራ ቀሚስ ትጠልፋለች። ጉልበቷ ላይ ባለ ካሬ ደብተር አይጠፋም፤ እኔ ሒሳብ የምትማር ነበር የሚመስለኝ። እያንዳንዷ ካሬ አንድ ስፌት ናት። እማ በእርሳስ ካሬዎቹን ታጠቁራለች፣ ከዚያ በሸማው ላይ ክር እየቆጠረች በመርፌ ትከተላለች። የዋንዛ ቅጠል፣ ታንኳ፣ ማዕበል፣ የዓሣ መረብ፣ ሁሉም ከካሬ ይወጣል። አንዳንድ ቀን እጄን ይዛ ሐይቁ ዳር ትወስደኝና ደንገሉን እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ዱዓ የምታደርግ ይመስለኝ ነበር። ለካ እየቆጠረች ነው።

አንድ የማይሻር ደንብ ነበራት፤ አንድ ጥልፍ ለአንዲት ሙሽራ ብቻ። ከገጹ አናት ላይ የሙሽራዪቱን ስም ትጽፋለች፤ ቀሚሱ ካለቀ በኋላ ያ ገጽ ዳግመኛ አይሠራበትም። አንድ ቀን አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጥታ፣ "እንደ ወለተ ሚካኤል ያለውን ሥሪላት" ብላ ብትለምናት፣

"እሱማ የሷ ነው። የሰው ስም ለሰው ይሰጣል እንዴ? ለልጅሽ የራሷን እሠራላታለሁ" አለቻት።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ሽመላዋ ነበረች። አባቴ ነፍስ ያለው ነገር መሳሉን ስለማይወድ እማ ሌላ ወፍ ስላ አታውቅም። ከአናቱ ላይ "አሪፋ" የሚል ተጽፏል፤ ስሜን ማንበብ ችዬ ነበር።

"ይኸ የኔ ነው?"

"ያንች ነው። እስክትዳሪ ድረስ መርፌ አይነካውም" አለችኝ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት "ያንች ነው" የሚለውን ብቻ ነበር።

እሌኒ የመጣችው በዚያ ክረምት ማብቂያ ላይ ነው። ነጭ መኪና በራችን ላይ ቆመ፤ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ተሰበሰቡ። አምባሯ እስከ ክንዷ ተደርድሮ ይንሿሿል፣ ሽቶዋ ከሷ ቀድሞ ይገባል። አንድ ሠርግ ላይ የእማን ጥልፍ አይታ፣ ጠይቃ ጠይቃ ነው ያገኘችን። አዲስ አበባ ልብስ እንደምትሠራና የእማን ጥልፍ ኤግዚቢሽን ላይ ማቅረብ እንደምትፈልግ ነገረችን። ለእኔ ከቦርሳዋ የቆርቆሮ ሣጥን አወጣች፤ ሃያ አራት ባለ ቀለም እርሳስ። በትምህርት ቤታችን ስድስት ቀለም ያለው ልጅ እንኳ አልነበረም። በዚያች ቅጽበት እናቴን ትተሽ ከኔ ጋር ነይ ብትለኝ እሄድ ነበር።

እማ ግን ደብተሯን ከትራስ ሥር ከተተችው። አየኋት፤ አፈርኩባትም። ሃያ አራት እርሳስ ለሰጠን ሰው አንድ ደብተር ትሰስታለች ብዬ።

"በስምሽ ነው የሚቀርበው፣ ነፊሳ" ትላታለች እሌኒ። "ኤግዚቢሽኑ ላይ 'የባሕር ዳሯ ነፊሳ' ተብሎ ይጻፋል። እኔ አገናኝ ብቻ ነኝ።"

"ታዲያ ቀሚሱን ውሰጅ። ደብተሩ ምን ያደርግልሻል?"

"ባለሙያዎቹ ንድፉን ማየት አለባቸው። ሁለት ሳምንት፤ ከዚያ በእጄ አመጣልሻለሁ።"

"እስቲ ሙሀመድዘይንን ላማክረው" አለች እማ።

የእማ ጥያቄ ያን ጊዜ ክርክር መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ከዚያች ቤት ውስጥ ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ብቻ ነበር፤ መልስም አላገኘም። አባቴ ማታ ሲገባ፣ "እንግዳ ናት፤ ቤታችን ድረስ መጥታ እምቢ ማለት ነውር ነው" አለ። በእኛ ቤት ነውር ከተባለ ነገር በኋላ የሚጨመር ቃል የለም።

በማግሥቱ ጠዋት እሌኒ ተመልሳ መጥታ በረንዳ ላይ ከእማ ጋር ሲነጋገሩ፣ እኔ ደብተሩን ገለጥኩ። ሽመላዋ በአንድ እግሯ ቆማ፣ ሌላውን አጥፋ፣ ውሃው መሐል ናት። ውጭ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ የቤታችንን ቆርቆሮ ያንኳኳል። ትወድቃለች ብዬ ፈራሁ። የኔ ናት፤ ከወደቀች የምትወድቀው የኔ ሽመላ ናት። አዲሱን ሣጥን ከፈትኩና ቀዩን አነሣሁ። ከታጠፈው እግር ጎን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ካሬ ቀባሁ። አምስተኛው ላይ የእማ ኮቴ ሲሰማኝ እጄ ዘለለ። ሁለቱን ቸኩዬ ጨረስኩና ዘጋሁት። እማ ደብተሩን ሳትገልጥ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ በሁለት እጇ ሰጠቻት።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ኅዳር ገባ፣ ጥር ገባ። ሙሽሮች ይመጣሉ፣ እማ "ደብተሬ ሲመለስ" ትላቸዋለች። የካቲት ላይ እጄን ይዛ ቴሌ ሄደች። ሰልፍ ጠብቀን ተራችን ሲደርስ ከሷ ጋር ጠባቧ ክፍል ውስጥ ገባሁ። የእሌኒ ድምፅ እንደ ትንኝ ይሰማኛል፤ ቃሉ አይለይም።

"ደህና ነሽ ወይ... አዎ፣ ነፊሳ ነኝ... አቤት?... ቀይ? ምን ቀይ?" እማ ወደ እኔ ዝቅ ብላ አየች። "የት ገጽ ላይ?... ልጄ ናት?... ወይኔ!... እሽ። እሽ።"

እጄን እየጎተተች ወደ ቤት ወሰደችኝ። ግቢ ስንገባ ልምጭ ቆረጠች። እማ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መታኝ አታውቅም።

"የሠላሳ አንድ ሰው ስም ያለበት ደብተር!" ትላለች በየምቱ መሐል። "የሠላሳ አንድ ሰው! አበላሸሽብኝ!"

ሲደክማት ልምጩን ጣለችና ደጃፉ ላይ ተቀምጣ እሷው አለቀሰች። ለምን ሳልሽው ብላ አልጠየቀችኝም። እኔም የሚጠየቅ ነገር ያለው አልመሰለኝም፤ አበላሽቻለሁ፣ ተመታሁ፣ ልክ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማ መርፌ አላነሣችም። ሱቅ ገብታ ከአባቴ ጎን ጨርቅ ትለካ ጀመር። ሜትሩን ስትዘረጋ ባየኋት ቁጥር እዚያ ያስቀመጥኳት እኔ እንደሆንኩ አውቅ ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ለእሌኒ ያለኝ ፍቅር አልቀነሰም። በባለሙያዎቹ ፊት አሳፍሬያታለሁ ብዬ አዝን ነበር እንጂ። ሦስተኛ ክፍል ስገባ ትታልን በሄደችው ካርድ አድራሻ ደብዳቤ ጻፍኩላት፤ "ውድ እትዬ እሌኒ፣ ደብተሩን በማበላሸቴ ስላሳፈርኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርሳሶቹን በጥንቃቄ ይዣለሁ።" ቴምብሩን የገዛሁት ለብስኩት ከተሰጠኝ ሳንቲም ነው። ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ! ይህን ሳስታውስ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። መልስ አልመጣም። ሳገባ የለበስኩት የኪራይ ቬሎ ነበር። እማ ስለ ሽመላዋ ምንም አላለችም፤ ምንም አለማለቷን ግን የሠርጉ ዕለት ሙሉ ስሰማው ዋልኩ።

እንግዲህ ሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ ከኖርኩ በኋላ ነው ያቺ ልጅ ስልኳን የዘረጋችልኝ።

ማታውኑ የእሌኒን ቃለ ምልልስ ፈልጌ አየሁ። ጸጉሯ ሸብቷል፣ አምባሯ በዝቷል። ጋዜጠኛው ስለ ቀዩ እግር ሲጠይቃት ዓይኗን ጨፈነች፤ በጣና ካሉት ደሴቶች በአንዱ ገዳም ሦስት ቀን ሱባኤ ይዛ ሳለ በሕልሟ እንደተገለጠላት ተናገረች። የገዳሙን ስም ጠራች። እዚያ ገዳም ሴት አይገባም! ይህን እኔ ሙስሊሟ የማውቀውን እሷ አታውቅም። ጎድሎ የቀረው ስፌትስ? "የሰው ልጅ ጉድለት ምልክት ነው" አለች። የእናቴ ኮቴ ነው እንጂ ምን ጉድለት አለው!

ለጥምቀት ሰሞን ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል የሁለት ቀን የፋሽን ትርኢት እንደምታቀርብ ሰማሁ። ለእማ ሳልነግራት ቅዳሜ ዕለት ብቻዬን ሄድኩ። ሞዴሎቹ አንድ በአንድ ወጡ። የወለተ ሚካኤል የዋንዛ ቅጠል ጃኬት ላይ ሆኗል። መረቡ ሱሪ ላይ፣ ታንኳው የወንድ ሸሚዝ ላይ አለ። ልጅ ሆኜ ያገላበጥኩት ደብተር ገጹ በሰው ገላ ላይ ሲገለጥ አየሁት። ጥያቄ ያለው ሲባል እጄን አወጣሁ።

"ሽመላዋን የሠራችው እናቴ ነፊሳ ናት። ቀዩን እግር የጨመርሁት እኔ ነኝ። ደብተሩ የት አለ?"

እሌኒ አልደነገጠችም። አፍታም ሳትቆይ ፈገግ አለች።

"የኔ እህት፣ ስሜትሽ ይገባኛል። በየሄድኩበት 'ይህ የኛ ነው' የሚሉኝ አሉ፤ ደስ ይለኛል። ይህ የሕዝብ ጥበብ ነው። ሕዝብ ደግሞ ስም የለውም።"

ተጨበጨበላት። እውነቴን ነው፣ ተጨበጨበላት! አንድ አስተናጋጅ በትሕትና ክንዴን ይዞ ወደ በሩ ሸኘኝ፤ ለእንግዳ ሁሉ የሚታደለውን ሻርፕ ሳይረሳ በእጄ አስያዘኝ።

እማ አሁን ዘንዘልማ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ዓይኗ ደክሟል፤ ጥሩ ጨርቅ ከመጥፎ የምትለየው በጣቷ ነው። ሻርፑን ጉልበቷ ላይ አኖርኩላት። ጠርዙን ዳበሰች። ጣቶቿ ደንገሉን አልፈው ሽመላዋ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ።

"ማሽን ነው የጠለፈው" አለች። ቆጥራ ስትጨርስ፣ "ቆጠራው ግን የኔ ነው" አለች። ጣቷ ወደ ታች ወረደ። "ይኸ ምንድን ነው? ይኸ ሦስተኛው?"

"የኔ ነው፣ እማ። ያ ቀዩ።"

ቀዩን እግር ከላይ እስከ ታች ዳግመኛ ዳበሰችው።

"ጣልሁት አለችኝ እኮ። በስልክ። 'ልጅሽ ስለሞነጫጨረችው ባለሙያዎቹ አንቀበልም አሉ፤ ለምንም ስለማይሆን ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት' አለችኝ።"

እሌኒ በዚያ ስልክ ያለችውን ቃል የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ በሠላሳ አራት ዓመቴ። አበላሸው የተባለው እግር የዝናዋ ስም ሆኗል። ለዚያው እግር አንዲት ሕፃን ተገርፋለች፣ አንዲት ሴት እጇን አጥፋ ተቀምጣለች።

"ለዚህች እግር ነው የመታሁሽ?" አለች እማ። "ለምን ሳልሻት፣ ልጄ?"

"እንዳትወድቅ ብዬ ነው።"

እማ ሻርፑን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ሲወጣላት ዓይኗን ጠርጋ፣ የእሌኒን ቃል አንድም ሳላስቀር እንድነግራት አዘዘችኝ። "ሕዝብ ስም የለውም" ያለችው ላይ ስደርስ ቀና አለች።

"ስም የለውም? ወረቀት አምጭ። ጻፊ። የመጀመሪያው ገጽ፣ ሙሉነሽ፣ ማዕበሉ። ሁለተኛው ገጽ፣ ወለተ ሚካኤል፣ የዋንዛ ቅጠል። ሦስተኛው..."

ሠላሳውንም ሙሽራ ከነገጿ ጠራቻቸው። እኔ ስልክ ስደውል አመሸሁ። ግማሾቹ ሞተዋል ወይ አገር ለቀዋል፤ ያገኘኋቸውም የሙሽራ ቀሚሳቸውን ለብሰው እንዲመጡ ስጠይቃቸው "አሁን በዚህ ዕድሜዬ!" ይላሉ፤ ነገሩን ሲሰሙ ግን ሁሉም አንድ ነገር ነው የጠየቁኝ፦ "ስንት ሰዓት ነው?" የሙሽራ ቀሚስ ከሣጥን አይጠፋም፤ የነፊሳ ጥልፍ ደግሞ ለልጅም አይሰጥም ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሴቶች በሆቴሉ በር ተሰለፉ። ወለተ ሚካኤል ከዱርቤቴ በጠዋቱ ሚኒባስ መጥታለች። የአንዷ ቀሚስ ጎኑ ላይ ተተርትሮ በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል፤ ሙሉነሽ ጭራሽ አልገባላት ብሎ እንደ ጋቢ ደርባዋለች። የበሩ ጥበቃ ግራ ተጋባ።

"እናቶች፣ ዛሬ የልብስ ትርኢት ነው። ግብዣ አላችሁ?"

"ልብሱን አታይም?" አለችው ሙሉነሽና ገፍታው ገባች።

ከፊት ተቀመጥን። ሞዴሎቹ መውጣት ጀመሩ። የዋንዛ ቅጠሉ ጃኬት ብቅ ሲል ወለተ ሚካኤል ብድግ አለች። ማንንም አልተሳደበችም። ቀሚሷን በሁለት እጇ ዘርግታ ቆመች። "ወለተ ሚካኤል እባላለሁ። ይኸ ጥልፍ የኔ ነው፤ በሰማንያ አንድ ዓ.ም. ነው የተዳርሁበት።" ማዕበሉ ሲወጣ ሙሉነሽ ተነሣች። "ሙሉነሽ እባላለሁ።" መረቡ ሲወጣ ሦስተኛዋ። ሞዴሎቹ መሄድ ትተው ቆሙ፤ ሙዚቃውም ተዘጋ። ዘጠኝ ጊዜ ስም ተጠራ። ሰዉ ስልኩን አውጥቶ ከሞዴሎቹ ወደ ሴቶቹ ሲያዞር አየሁ።

እሌኒ ማይክ ይዛ ወጣች። "እናቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ይህ እኮ..." ብላ ጀመረች።

እማ ክንዴን ይዛ ተነሣች። ማይክ አልፈለገችም።

"እሌኒ፣ ነፊሳ ነኝ። ደብተሬን ለሁለት ሳምንት ብለሽ ነበር። ጣልሁት አልሽኝ፤ እኔም አምኜሽ ልጄን ገረፍሁ። ደብተሩን አምጭ አልልሽም፤ ገጹ ሁሉ እዚህ ተቀምጦልሻል። ልጄ ግን አንድ የምትመልስልሽ ነገር አላት።"

ሰው አላጨበጨበም። ቦርሳዬን ከፍቼ የቆርቆሮ ሣጥኑን አወጣሁ። ሃያ ሦስቱ እርሳሶች እንደተሰጡኝ ሹል ናቸው፤ ከዚያ ቀን በኋላ አንዱንም ነክቼ አላውቅም። ጫፉ የዶለዶመውን ቀዩን አነሣሁና መድረኩ ጠርዝ ላይ፣ እግሯ ሥር አስቀመጥኩት።

"ሦስተኛዋን እግር የሳልሁት እኔ ነኝ" አልኳት። "ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ሽመላዋ እንዳትወድቅ ብዬ ነው። ቀለሙ ግን የርስዎ ነው። ከዚያ ደብተር ውስጥ የርስዎ የሆነው ይኸ ብቻ ነበር፤ ይውሰዱት።"